ጉንፋን ጉንፋን መሆኑን የሚተወው መቼ ነው?

በኅዳር ማለዳ በጎጃሟ አማኑኤል ከተማ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ጋቢ ዘልቆ ይገባል። ጤፉና ስንዴው ለአጨዳ ደርሷል፤ ደቦ የተጠራው ሰው ጎህ ሳይቀድ ማሳው ላይ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረዱ ወጣቶችም የቀን ሥራቸውን ጨርሰው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ማታ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። አንዱ ሲያስል ሌላው ይቀበለዋል።

በዚህ ወቅት ጉንፋን ዜና አይደለም። «ብርድ መታኝ» ያለ ሰው ዳማከሴ ተጨምቆለት፣ ትኩስ አጥሚት ጠጥቶ፣ ተከናንቦ ይተኛል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን አያያዝ የሚነቅፍ ሐኪም አይኖርም። ዕረፍት፣ ፈሳሽ ነገርና ሙቀት ለአብዛኛው ሰው በቂ ናቸው።

ጉዳዩ የሚከብደው በቀረው ጥቂት ሰው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይይዘዋል። ከዚህ ውስጥ በጠና የሚታመመው ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ነው፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚሆነው በዚሁ ሳቢያ በመተንፈሻ አካላት ሕመም ይሞታል። በሌላ አነጋገር በጠና የሚታመመው ቢበዛ ከሁለት መቶ ሰው አንዱ ነው። ይህ አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ አይለይም። እሱም ያስላል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጣጥመዋል። የሚለየው በኋላ ነው። ለይተው የሚያውቁትም ሐኪም ሳይሆን አጠገቡ የተኛችው ሚስቱ፣ ውኃ የምታቀብለው ልጁ ወይም ሊጠይቁት የመጡ ጎረቤቶቹ ናቸው።

አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ይሰነጥቃታል። ከደብረ ማርቆስ የሚለያት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስፋልት ቀላል መንገድ። ከአስፋልቱ ወዲያ ወዲህ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ግን ሌላ ናቸው። ከዚያ ሕመምተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ ለዚያም ጎረምሶች መሰብሰብ አለባቸው፣ ሌሊት ከሆነ መንጋት አለበት። ስለዚህ ከቀበሌ «ይሂድ» የሚለው ውሳኔ ከከተማው ውሳኔ ሰዓታትን መቅደም ይኖርበታል።

የ1911ዱ ኅዳር

ኢትዮጵያ በኢንፍሉዌንዛ እጅግ የተፈተነችው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው በዚያው ወር በ2ኛው ቀን ነበር። ከጦርነቱ ጋር ዓለምን የዞረው ወረርሽኝም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባን አንበረከካት። ሰውን ከነሕመሙ ሊያመጣ የሚችለው የጅቡቲው ባቡር ዋና ከተማዋን ከረገጠ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ታመሙ። ቀባሪ ጠፋ።

በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ። እሳቸውም በጠና ታመው ተረፉ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው መሞቱን መዝግበዋል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በወረርሽኙ ላይ ራሱን የቻለ ጥናት ሠርተውበታል። የራስ ተፈሪ ዕድሜ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። ያ ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ዙሪያ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ባልተናነሰ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ ነበር የጨረሰው። «ወጣት ነኝ፣ ይወጣልኛል» የሚለው መተማመን በዚያ ኅዳር ዋጋ አልነበረውም።

የወረርሽኙ ትዝታ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ይጤሳል። ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይቃጠላል። ሰፈርን ማጽዳቱ መልካም ልማድ ነው፤ ጭሱ ግን ለሳንባ የዋለለት ውለታ የለም። አስም ያለበት ሰው በዚያ ምሽት የሚያየውን መከራ ጎረቤት ያውቀዋል።

ያን ሁሉ ሰው የገደለው ምን ነበር? አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በዚያ ወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች የተቀመጡ 58 የሳንባ ናሙናዎችን መርምረዋል፤ ከ8,000 በላይ የአስከሬን ምርመራ ዘገባዎችንም አገላብጠዋል። መልሱ አብዛኛውን ሰው የገደለው ቫይረሱ ብቻውን አይደለም የሚል ነው። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ካቆሰለ በኋላ ቀድሞውኑ በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ ወርደው የሳንባ ምች አስከተሉ። ሰውየው ሊሻለው ሲል አገረሸበት፤ ያገረሸበትም ገደለው። በ1911 ለዚህ መድኃኒት አልነበረም። ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው፤ ለሕዝብ የደረሰው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት።

ዛሬ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ በየጤና ጣቢያው አሉ። በ1911 ገዳይ የነበረው ነገር አሁን በመርፌና በኦክስጅን ሊመለስ ይችላል፤ ሕመምተኛው በጊዜው ከደረሰ።

ትንፋሹን የቆጠረ

ሰው ስለ ጉንፋን ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚዳስሰው ግንባርን ነው። ትኩሳት ያስፈራል፤ ብርክ ያስፈራል፤ የሌሊት ላብ ያስፈራል። እነዚህ ድምፃቸው ከፍ ያለ ምልክቶች ናቸው፤ ብቻቸውን ግን እምብዛም አይገድሉም። የሚገድሉት ዝም ያሉት ናቸው። ከሁሉ የሚብሰው ትንፋሽ ነው።

ጤነኛ አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ትኩሳት ሲኖር ትንሽ ይጨምራል። 30 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ሳንባው ሥራውን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው። ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም። ሕመምተኛው ሲቆጠርበት ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ ስለዚህ ሳይነገረው የደረቱን መነሣት በሰዓት እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ሞባይል ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ሰዓት የለኝም ማለት አይቻልም።

የማይቆጥር ሰውም ማየት ይችላል። ሕመምተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆም መጨረስ ያቅተዋል፤ ሁለት ቃል ይልና አየር ይስባል። ጋደም ሲል ይጨንቀዋልና ትራስ ደራርበው ይደግፉታል። ሲተነፍስ የአንገቱ ጅማት ይገተራል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ይጠቁራል። እነዚህ ከታዩ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን መንገድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አእምሮ ነው። ሽማግሌው በራሳቸው ቤት ውስጥ ሆነው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ቢሉ፣ ልጃቸውን በወንድማቸው ስም ቢጠሩ፣ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገልጠው መልሰው ቢያንቀላፉ፣ ቤተሰቡ «ትኩሳት ነው የሚያቃዣቸው» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ትኩሳት ይሆናል። ይሁን እንጂ መቃዠቱ አንጎል ኦክስጅን ወይም ደም እያነሰው መሆኑንም ይናገራል፤ የትኛው እንደሆነ ቤት ውስጥ ለመለየት አይቻልም። ከዚህ ቀደም የማያውቀው ሰው ላይ የሚጥል ሕመም መሰል መንቀጥቀጥ ከመጣም እንዲሁ ነው።

የደረት ውጋትም አለ። ጎጃም ውስጥ «ጎኔን ወጋኝ» የማይል ሰው የለም፤ ሲያስል ወይም በረጅሙ ሲተነፍስ የሚወጋ ሕመም የሳንባ ምች የሚገለጥበት አንዱ መንገድ ነው፤ ዝገት የመሰለ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታከለበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ደረትን ጨምቆ የሚይዝና የማይለቅ ሕመም ግን ልብም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመመታት ዕድል ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ጉንፋን የያዘው የ60 ዓመት ሰው ደረቱን ጨብጦ ከተቀመጠ ዝንጅብል እየቀቀሉ መቆየት አይገባም።

ሽንት ደግሞ የሚያፍሩበት ነገር ስለሆነ ይረሳል። ከጠዋት እስከ ማታ ያልሸና፣ ወይም የሸናው ጥቂትና እንደ ጠላ የጠቆረ ሰው ሰውነቱ ደርቋል፣ አለዚያም ኩላሊቱ እየተጎዳ ነው። ሲነሣ የሚያዞረው፣ ግድግዳ ካልያዘ የማይቆም፣ ባቱ በሕመም ተይዞ መራመድ ያቃተው ሰውም በዚሁ ተርታ ይገባል።

እንበልና አንድ የ45 ዓመት ገበሬ ሰኞ ታመመ። እስከ ረቡዕ ተኛ። ሐሙስ ተሻለው፤ በላ፣ ውጭ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ፤ ዓርብ አውድማ ወረደ። ቅዳሜ ማታ እንደገና አንቀጠቀጠው፤ ሳሉ በረታ፣ አክታው ተለወጠ። ቤተሰቡ «ሳይሻለው ሥራ ገብቶ ነው፣ ብርዱ መለሰበት» ይላል፤ ዳማከሴው እንደገና ይጨመቃል። የ1911ዱ ኅዳር ሰዎችን የገደለው ልክ በዚህ ቅደም ተከተል ነበር። ግርሻው እንደሚከፋ ሁሉም ሰው ይናገራል፤ ተናግሮ ግን ቤት ይቀመጣል። ተሽሎት የነበረ ትኩሳት ወይም ሳል ጠንክሮ ከተመለሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት ያስፈልገዋል፤ ትንፋሹ ካጠረ ደግሞ በዚያው ሰዓት።

ቀድመው መሄድ ያለባቸው

ለአንዳንድ ሰው ከላይ የተባሉት ምልክቶች እስኪታዩ መጠበቅ ራሱ መዘግየት ነው። ነፍሰ ጡር፣ በተለይ ሆዷ የገፋ፣ ሳንባዋ ቦታ ጠብቦታል፤ ከወለደች ሁለት ሳምንት ያልሞላትም በዚያው ሚዛን ትታያለች። የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የአስም ሕመም ያለበት፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር፣ የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ ሳንባው የተጎዳ፣ ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው ጉንፋኑ ሲጀምር ታይቶ ቢመለስ ይሻላል። አረጋውያን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ምግብ መተው፣ መፍዘዝና መውደቅ ብቻ ሊሆን ይችላል የሚታየው። የጎጃም እናቶችም ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭስ ቤት ስለሚያበስሉ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ሆነው የአጫሽ ሳንባ ሊኖራቸው ይችላል። «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ይህን ይስታል።

ታሪክም ምሳሌ አያጣም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ በመጨረሻው ሰሞን ትኩሳት ይዟቸው እንደነበርም ተጽፏል። የባላቸው የራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት መሞት የሁለት ቀን ነገር ስለነበር አሟሟታቸው እስከ ዛሬ ብዙ ያስወራል። ወሬው ወዲያ ይቆይና፣ ስኳር ባለበት ሰው ላይ የወጣ ትኩሳት እንደ ተራ ትኩሳት እንደማይታይ የሕክምናው ዓለም ተስማምቷል።

ጉንፋን መስሎ የሚመጣውስ? ይህ በጎጃም ደጋ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከመተማ ወይም ከሁመራ የተመለሰ ወጣት ራሱን አሞት፣ አንቀጥቅጦት፣ ቆረጣጥሞት ሲተኛ «ብርድ ለውጦበት ነው» ይባላል። ደጋው ላይ ወባ የለም ቢባልም እሱ ቆላ ከርሟል። ከቆላ በተመለሰ ሰው ላይ የወጣ ትኩሳት ደም ተመርምሮ ወባ አለመሆኑ እስኪታወቅ ወባ ነው። ደግሞ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ አለ፤ በዓለም ላይ ከሞላ ጎደል ከጠፋ በኋላ ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ ሆናለች። ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ይነሣል፤ ለጥቂት ቀናት ለቆ ይመለሳል፤ ዓይን ቢጫ ሊያደርግ፣ አፍንጫ ሊያነስር ይችላል። ለእሱ የሚሰጠው የመጀመሪያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርክና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል ሕመምተኛው በባለሙያ ዓይን ሥር መሆን አለበት። በመንደር መርፌ ወጊ እጅ ይህ ሲሆን ሰው ይሞታል።

የሚያስቀሩት

መርፌውን ካነሣን አይቀር። «መርፌ ካልወጉኝ አልድንም» የሚለው እምነት ጤና ጣቢያውንም፣ የግል ክሊኒኩንም፣ መድኃኒት ቤቱንም ይዟል። ያለ ማዘዣ የተገዛ አሞክሲሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ስቴሮይድ የገባበት መርፌ ትኩሳቱን አብርዶ ሰውየውን ለአንድ ቀን ያቆመዋል፤ ውስጡ ያለው ምች ግን ሥራውን ይቀጥላል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ልክ አለው። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ማለፍ የለበትም፤ በየስሙ የሚሸጡት የጉንፋን እንክብሎች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሳይታወቅ ይደራረባል። አረቄውስ? ያሞቃል ይባላል፤ የሚያደርገው ግን ሰውነትን ማድረቅና መፍዘዝን መደበቅ ነው። የሰከረ ሕመምተኛ ይቃዥ፣ ይስከር ማን ይለያል?

ለኢንፍሉዌንዛ ትክክለኛው መድኃኒት ኦሴልታሚቪር ይባላል፤ በይበልጥ የሚረዳውም ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። በገጠር መድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በአገሪቱ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ለማቻከል ነዋሪ ዋናው መከላከያ እንግዲህ በጊዜ መድረስ ነው።

ጠበል ሌላው ነው፤ ስለ እሱ በጥንቃቄ መናገር ይገባል። የጎጃም ሰው ሲታመም ወደ ጠበል መሄዱን ማንም አያስቀረውም፤ ማስቀረትም አያስፈልግም። የሚያሳስበው በሌሊት ውርጭ፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ማስጠመቅና ከሆስፒታሉ በፊት ሰባት ቀን ማቆየት ነው። መንገዱ ከዚህ በፊት ተገኝቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አይሄድም ተብሎ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ሲተው፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ከብዙ ፖስተር የበለጠ ሠርቷል። የሰበካ ካህናት «ጠበሉን ጠጥተህ፣ ተቀብተህ ሂድ፤ መጠመቁ ስትድን ይደርሳል» ቢሉ ጤና ቢሮ የማይደርስበት ቤት ይደርሳሉ።

ገንዘብና መንገድ ደግሞ ካህንም ሐኪምም የማይፈቷቸው ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ካርድ የያዘ ቤተሰብ ለሕክምናው መሬት ማከራየት ወይም በሬ መሸጥ ቀርቶለታል። ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ምግብ ግን አሁንም ኪስ ይፈተሻል። ከክረምት 2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን አንዳንድ ቀን ዝግ፣ አንዳንድ ሌሊት የማይሞከር አድርጎታል። በሰላሙ ጊዜ «እስከ ማታ እንየው» ማለት ይቻል ነበር። አሁን ማታ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ስለሌለ፣ ያጠራጠረ ሕመም በቀን መንገድ ሳለ መንቀሳቀሱ ይመረጣል።

ጤና ጣቢያው ላይ ከተደረሰ በኋላስ? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቁት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ ቤተ ሙከራ የማይጠይቀው ዓይነቱ አራት ነገር ብቻ ይመለከታል። ሕመምተኛው ይቃዣል ወይ? በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይተነፍሳል ወይ? የደም ግፊቱ ወርዷል ወይ? ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ? አንዱም ከሌለ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ይዞ ቤቱ መመለስ ይችላል፤ አንድ ወይም ሁለት ካለ ሆስፒታል መላኩ ይታሰባል፤ ሦስትና አራት ሲሆን ድንገተኛ ነው። ከአራቱ ሦስቱን ማንኛውም ቤተሰብ ቤቱ ሆኖ ሊያውቃቸው እንደሚችል ልብ ይሏል።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በኮቪድ ዘመን በብዙ ቦታ ታወቀ። ኮቪድ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በምርመራ ተረጋግጠው የሞቱት ከ7,500 በላይ ናቸው። ያ በሽታ ያስተማረው አንድ መራራ ነገር ቢኖር ሰው እያወራ፣ እየተቀመጠ ኦክስጅኑ ሊያልቅ እንደሚችል ነው። መሣሪያው ግን ደጋ ላይ ሲነበብ ከፍታው ይታሰብ። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ በሩብ ገደማ ያንሳል። ጅቡቲ ላይ 98 የሚያሳይ ጤነኛ ሰው እዚህ 94 ወይም 93 ቢያሳይ አያስደነግጥም። ከ90 በታች ከሆነ ግን ከፍታው ሰበብ አይሆንም፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ እንሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት አንድ ደፋር ውሳኔ ወሰነ፤ እነዚህ ሴቶች የሕፃናትን የሳንባ ምች በቀበሌያቸው እንዲያክሙ ፈቀደ። ሰዓት ይዘው የሕፃኑን ትንፋሽ ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው በደቂቃ 50፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ምች ነው ብለው መድኃኒት ይጀምራሉ። አደገኛ ምልክት ካዩ ይልካሉ። ብዙ ሕፃናትን ያዳነ ሥራ ነው። የማቻከል ቀበሌ እናቶችም «ልጁ ትንፋሹ ፈጥኗል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ ተምረዋል።

ያው ሰዓት በዚያው ጤና ኬላ ውስጥ አለ። የአባትየው ትንፋሽ ግን አይቆጠርም። ጎልማሳ ሰው ታሞ ጤና ኬላ ሲመጣ ሥራቸው አይደለምና «ጤና ጣቢያ ሂድ» ይባላል፤ በአስቸኳይ ይሂድ፣ ነገ ይሂድ የሚለየው የለም። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ በጀት አያስፈልገውም። «አዋቂ ከሆነ 30» የሚል አንድ መስመር በሥልጠናቸው ላይ መጨመር፣ ለየጤና ኬላው አንድ የጣት መለኪያ መስጠት፣ የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ በር ላይ መለጠፍ ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም የክልሉ ጤና ቢሮም ይህን ለማድረግ የጉንፋን ወረርሽኝ መጠበቅ የለባቸውም።

እስከዚያው ድረስ ሥራው የቤተሰብ ነው። ሕመምተኛ ይዞ የሚሄድ ሰው አራት ነገር አስቦ ይሂድ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ተሽሎት ከነበረ ያገረሸበትን ቀን፣ የወሰደውን መድኃኒት (ከነመጠቅለያው)፣ ከዚህ በፊት ያለበትን በሽታ ወይም እርግዝናዋን። ቆላ ደርሶ ከሆነም ሳይጠየቅ ይናገር። በመንገድ ላይ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አስተኝቶ መሸፋፈን ሳይሆን ደገፍ አድርጎ ማስቀመጥና መስኮት መክፈት ይበጃል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ነፃ የስልክ ቁጥር 907 ነው።